ባሌን የሚመልስልኝ ፊርማ

ትንሽ የሚያሳፍር ነገር ልንገራችሁ። በቀደም ከሜክሲኮ ወደ ሳሪስ በሚሄድ ታክሲ ውስጥ አለቀስኩ። ማልቀሱስ ይሁን፣ ስንቱ ያለቅሳል፤ እኔ ያለቀስኩት ግን ስለ ባትሪ ድጎማ እያነበብኩ ነው። አጠገቤ የተቀመጡ እናት መሀረብ አቀበሉኝና ‹‹ሰው ሞቶብሽ ነው ልጄ?›› አሉኝ። ‹‹አይ እማማ፣ የባጃጅ ጉዳይ ነው›› አልኳቸው። ‹‹ውይ፣ ተሰረቀብሽ?›› አሉ። ከየት ጀምሬ ላስረዳቸው? ‹‹አዎ›› ብዬ ተገላገልኩ።

ሳነብ የነበረው የአክስቴን የአረጋሽንና የባሏን የፍሬውን ደብዳቤ ነው። በደርግ ጊዜ በእግራቸው ተሰደው ካርቱም ገብተው፣ እዚያው ተጋብተው ያረጁ ሰዎች ናቸው። የሱዳኑ ጦርነት ሲመጣ ሁለቱም ወደ ፖርት ሱዳን ሸሹ። ነገሩ ረገብ ሲል እሷ ካርቱም፣ ሐጅ ዩሱፍ የሚባል ሰፈር ወዳለው ቤታቸው ተመለሰች፤ እሱ የፀሐይ ኃይል ዕቃና የኤሌክትሪክ ረክሻ የሚያስመጣ ኩባንያ ውስጥ የዕቃ ቤት ሥራ አግኝቶ ስለነበር እዚያው ቀረ። ረክሻ የሚሉት ያው የኛን ባጃጅ ነው። አክስቴ ዐረብኛዋ የተባ ስለሆነ የሰፈሩ የረክሻ ባለቤቶች፣ ሾፌሮችና መካኒኮች ማኅበር ጸሐፊ አድርጓታል፤ እነሱ ‹ነቃባ› ይሉታል። ለምን አይደዋወሉም ትሉኝ ይሆናል። ኔትወርክ ያለው አንድ ሱቅ በር ላይ ነው፤ እዚያ ደግሞ ሰፈሩ ሁሉ ቆሞ ይሰማል። ስለዚህ ደብዳቤያቸውን የአውቶቡስ ሾፌሩ ሁዘይፋ ያመላልስላቸዋል። ‹‹አስነብቢያቸው ዮሳቤጥ፣ ሰፈሩ ያወቀውን አዲስ አበባ ቢያውቀው ምን ይለዋል›› ብላ በስልክ ፎቶ እያነሳች የላከችልኝ ራሷ ናት።

ሐጅ ዩሱፍ፣ ጥር 9 ቀን 2018

ለፍሬዬ፣

እንደምን አለህልኝ? ጉልበትህስ? የኔን ባትጠይቀኝም ደህና ነው። ስለ ጣሪያው ለጠየቅኸው፣ ተደፍኗል። ስለ ፍራሹ ግን ከየት ሰማህ? አዎ፣ አዲስ አስገብቻለሁ። ሁዘይፋ ነው የሚሆነው፤ ያ ሰውዬ ደብዳቤውን ከማድረሱ በፊት ወሬውን ያደርሳል።

የላክኸውን ወረቀት አነበብኩት። የገባኝን ልድገመውና አርመኝ። ከውጭ የመጣ ፈንድ አለ። የቤንዚን ረክሻውን አስረክቦ የኤሌክትሪክ ለሚወስድ ባለቤት የዋጋውን ግማሽ ይከፍልለታል። የምታቀርቡት እናንተ ናችሁ። ገንዘቡ የሚለቀቀው የኩባንያውም የነቃባውም ፊርማ ሲኖርበት ነው። እኛ ከፈረምን ኩባንያው እዚሁ ሐጅ ዩሱፍ የጥገና ማዕከል ይከፍታል። የማዕከሉ ኃላፊ ደግሞ አንተ። ይህችን የመጨረሻዋን ሳነብ ወረቀቱን አጥፌ ጡቴ ሥር ከተትኩት፤ ዕድሜዬን ረስቼ።

ሊቀመንበራችን ኒዕማ፣ ባሏ ከሞተ ወዲህ ረክሻዎቹን ራሷ ነው የምታስተዳድረው፣ ‹‹ግማሹን እነሱ ከቻሉልኝ እኔ ነገውኑ እፈርማለሁ›› ብላለች። ሾፌሮቹም የቤንዚን ሰልፍ አንገፍግፏቸዋል። ዝም ያለው ዓባይ ብቻ ነው። የሽማግሌ መካኒክ ዝምታ ታውቀዋለህ፤ መዶሻው ሳይቀር ዝም ይላል።

አንተ አታስብ። አስፈርማቸዋለሁ ኢንሻላህ።

ያንተው አረጋሽ

ፖርት ሱዳን፣ ጥር 20 ቀን 2018

አሩዬ፣

ያለፈው ደብዳቤ አጭር ሆነብሽ፤ ይቅርታ፣ ሁዘይፋ ሞተር አስነስቶ እየጠበቀኝ ነበር። ይሄኛው ይረዝማል ብዬ ነበር፣ እሱም ሊያጥር ነው፤ መርከብ ገብቶ ዕቃ እያራገፍን ነው። ጨዋማው አየር ሸሚዜን ቢበላውም እኔን አልበላኝም። ክኒኑን እየዋጥኩ ነው። ‹‹ሐሰት›› ትያለሽ፤ ብዙውን ቀን እየዋጥኩ ነው ልበል።

የኩባንያው ሰዎች አንድ ረክሻ ጭነው ለማሳየት ወደናንተ ይመጣሉ። እኔ ለምን አብሬ እንደማልመጣ ጠይቀሻል። አለቃችን ‹‹አንተ የምትሄደው ለመኖር ነው፣ ለጉብኝት ምን ያስቸኩልሃል›› አለኝ። ነገሩ ደስ ስላለኝ አልተከራከርኩም።

ለሚፈርሙት ሰዎች ፋጡር አዘጋጅተናል፤ የረፋዷን ቁርስ ሳይበሉ ሰው አያዳምጥም መቼም። ዓባይን ሰላም በይልኝ። ያቺን አሮጌ ሬዲዮውን መጥቼ እሠራለታለሁ በይው።

ፍሬው

ሐጅ ዩሱፍ፣ የካቲት 3 ቀን 2018

ፍሬዬ፣

ሰላምታዬ ዛሬ አጭር ነው፤ የማወራህ ብዙ ነው።

ረክሻው መጣ። ቆንጆ ነው፤ ሰማያዊ ነው፤ ሲነሳ ድምፅ የለውም። የኒዕማ ፍየል መንገድ መሀል ተኝታ ከኋላዋ መምጣቱን ሳታውቅ ልትዳጥ ነበር። ሾፌሮቹ ተራ በተራ ነድተውት ጥርሳቸው አልከደን አለ። አንድ ጎረምሳ ኢንጂነር ነበር፤ ቀጭን፣ ትሁት፣ የካርቱሙ ቡሪ ሰፈር ልጅ። በደንብ አስረዳን። ከዚያ ኒዕማ እጇን አነሳች።

‹‹ሲበላሽብኝ ወዴት ነው የምወስደው?››

‹‹ወደ ማዕከላችን፣ ያ ሐጃ።››

‹‹ዓባይ ጋስ?››

‹‹ዓባይ ማነው?››

ሰው ሁሉ ዓባይ ጎማ ላይ ወደተቀመጠበት ጥላ ዞረ። እሱም ከጎማው ላይ ሳይነሳ፣ ‹‹ማንም አይደለሁም ልጄ፣ ቀጥል›› አለ። ልጁም ቀጠለ። ረክሻው የቤንዚን ሞተር የለውም፣ ዘይት የለውም፣ የሚፈታ ነገር የለውም። ባትሪው ተዘግቶ የታሸገ ነው፤ ከኩባንያው ሰው በቀር የከፈተው ዋስትናው ይቀርበታል። ከእኛ የጥገና ወርሻ እስከ ገበያው ጥግ ድረስ ያሉ መካኒኮች ይህን ሰምተው እጃቸውን እያዩ ቆሙ።

እንግዲህ ፋጡሩ እዚህ ላይ ነው የደረሰው። ሳጥን ነው፣ ፍሬው። የየሰዉ ስም ላዩ ላይ የተጻፈበት የካርቶን ሳጥን፤ ውስጡ ዶሮ፣ ዳቦና አንድ አንድ ፖም። የመጣው ለሚፈርሙት ብቻ ነው። በየወርሻው የሞተር ብረት የሚያጥቡት የኛ አገር ልጆች አልተቆጠሩም፣ ተቀጥረው የሚነዱት አልተቆጠሩም፣ ቤንዚን በጠርሙስ የምትቸረችረው ለምለምም አልተቆጠረችም። ኢንጂነሩ ስም እየጠራ አደለ። የተሰጠው ሰው ሳጥኑን ይዞ ቁጭ፤ የሚከፍት የለም። አንተ እዚህ ሰፈር ሰው ብቻውን ሲበላ አይተህ ታውቃለህ? የታመመ እንኳ ብቻውን አይበላም።

ዓባይ ተነሳ። ትልቁን ሲኒያ፣ ያን የፉል ትሪ፣ አጥቦ መሬት ላይ አኖረና የራሱን ሳጥን ገለበጠበት። ዶሮው፣ ዳቦው፣ ፖሙ። ኒዕማም ገለበጠች። ሁሉም ገለበጡ። ለምለም ሽንኩርት ከተፈችበት፣ አንዱ ሎሚ ጨመቀበት። ‹‹ያላ፣ ኑ ቅረቡ›› ተባለ። ኢንጂነሩ ይቀመጥ ይቁም ጨነቀው፤ ኋላ እጁን ታጥቦ ገባ። ከሁሉ የበላው እሱ ነው፤ ደግ ልጅ ነው።

ኒዕማ እየበላች፣ ‹‹ገንዘቡም እንደ ሳጥኑ ነው የመጣው›› አለች። ‹‹ለኔ በስሜ። ለነዚህ ምንም።››

አልፈረሙም። እኔ ቃለ ጉባኤ ያዝኩ እንጂ አልተናገርኩም። አስፈርማቸዋለሁ ብዬህ ነበር፤ አፌን ምን እንደያዘው እንጃ። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅህ፦ እነዚያን ሳጥኖች ያዘዘው ማነው? አንተ ባትሆን ደስ ይለኝ ነበር።

አረጋሽ

ፖርት ሱዳን፣ የካቲት 14 ቀን 2018

አሩ፣

እኔ ነኝ።

ስማቸውንም ላዩ ላይ የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ በደስታ ነበር የጻፍኩት፣ እያንዳንዱን ሰው መልኩን እያስታወስኩ። እዚህ ቢሮ ሰው የየራሱን ይዞ ወደ ግድግዳው ዞሮ ነው የሚበላው። ንጹሕ ነው፣ አይሻማም ብዬ አሰብኩ። ከአንቺ ጋር በትሪ ጥግ ስሻማ የኖርኩት ሰውዬ። ሰው ሲርቅ ፊቱ ብቻ አይደለም የሚረሳው ለካ።

አሁን የማልወደውን ልጻፍልሽ። አለቃችን ተቆጥቷል። ‹‹ገንዘብ ይዘን ሄደን ይለምኑናል ስንል ያስለምኑናል›› ይላል። ነቃባው ካልፈረመ ዕድሉን ለአትባራ ከተማ እንሰጣለን ብሏል። አትባራ ማዕከል ከተከፈተ እኔን የሚልከኝ ወደዚያ ነው፤ ወይም የትም።

ዓባይ እንዲጎዳ አልፈልግም። ግን ማዕከሉ ሲከፈት እኔው ነኝ ኃላፊው፤ ከመካኒኮቹ ጥቂቱን ቀስ ብዬ ማስገባት አያቅተኝም። መጀመሪያ ይፈረም፣ ከዚያ እናስተካክለዋለን።

ብቻዬን መተኛት ሰለቸኝ አሩ። ይህን የምጽፈው አንቺን ለማስጨነቅ አይደለም። ውሸቴን ነው፤ ትንሽ እንድትጨነቂም ነው። ስብሰባው መቼ ነው? ትናገሪያለሽ?

ፍሬው

ሐጅ ዩሱፍ፣ የካቲት 27 ቀን 2018

ፍሬዬ፣

እነሱ ረመዳን ላይ ናቸው፣ እኛ ሁዳዴ ላይ፤ ማንም ማንንም ‹ቅመስ› የማይልበት ሰሞን ነው። ስብሰባው ያለ ሻይ ተካሄደ። ስለዚህም ይሆናል እውነት እውነቱ የተወራው።

ተናግሬያለሁ።

‹‹ይህ ፊርማ ባሌን ያመጣልኛል›› አልኳቸው። ‹‹ሁላችሁም ታውቃላችሁ፣ ሁዘይፋ ነግሯችኋል። ስለዚህ ፈርሙ ካልኳችሁ ለባሌ ብዬ ነው፤ አትፈርሙ ካልኳችሁም ይህን እያወቅኩ ነው። በዚያው መዝኑኝ።›› ለምለም ሻሿን አፏ ላይ ያዘች። ከዚያ ያሰብኩትን ነገርኳቸው። ለፈንዱ በቀጥታ እንጻፍ። ረክሻውን እንፈልጋለን፤ ጭሱንም የቤንዚኑን ሰልፍም ጠግበናል። ግን ከዋጋው ድጎማ ላይ ይቀነስና መካኒኮች ስለ ባትሪው ይሠልጥኑበት። ጥገናው በኛው ወርሻዎች ይሁን። ተቀጥሮ የሚነዳ ሾፌርም በራሱ ስም የመውሰድ ተራ ይኑረው።

ኒዕማ፣ ‹‹ቆይ እስቲ፤ ያኔ የኔ ግማሽ ሲሶ ሊሆን ነው?›› አለች።

‹‹ሊሆን ይችላል።››

‹‹ታዲያ ምን ታፍሪያለሽ፣ አውጥተሽ ተናገሪው።›› ትንሽ አሰበችና፣ ‹‹ባሌ የሞተ ሰሞን ረክሻዎቹን ያቆመልኝ ዓባይ ነው። እሱ ከሌለበት ግማሹስ ምን ያደርግልኛል። ጻፊ›› አለችኝ።

ጻፍኩ። አንተ ቀስ ብዬ ጥቂቶቹን አስገባለሁ ብለኸኛል። አምንሃለሁ፤ ልብህን አውቀዋለሁ። ግን ያንተ ጥቂቶች ሲገቡ የቀሩት በደጄ ነው የሚያልፉት፣ በየቀኑ። ከአንተ ጋር እዚያ በረንዳ ላይ ተቀምጬ ደህና ዋላችሁ ልላቸው አልችልም።

በሩን በገዛ እጄ ዘጋሁብህ። ብትቆጣ እውነት አለህ። መጻፍ ብትተውም ይገባኛል፤ ክኒንህን ብቻ አትተው።

አረጋሽ

ፖርት ሱዳን፣ መጋቢት 16 ቀን 2018

አሩዬ፣

ዒዱም አልፎ ነው የምጽፍልሽ። ‹‹ታሞ ነው?›› ብለሽ ሁዘይፋን ጠይቀሻል። አልታመምኩም፤ ተቆጥቼ ነበር። ደብዳቤሽን አንብቤ ወደ ባሕሩ ሄድኩ፣ ተመለስኩ፣ እንደገና አነበብኩ፣ እንደገና ተቆጣሁ። በመጨረሻ የተቆጣሁት ትክክል ስለሆንሽ መሆኑን ሳውቅ መጻፍ አፈርኩ። ማዓሌሽ፣ ይቅር በይኝ።

አሁን የምነግርሽን ወሬ ቁጭ ብለሽ ስሚ። የናንተ ደብዳቤ ለፈንዱ ደርሷል። ፈንዱም ለኩባንያው ‹‹ያለ ነቃባው አንዲት ሳንቲም አንለቅም፤ አትባራም ብትሄዱ የምንጠይቀው ይህንኑ ነው›› ብሎ ጻፈለት። አለቃችን ሁለት ቀን ቢሮውን ዘግቶ ዋለ። በሦስተኛው ቀን ሲወጣ ሌላ ሰው ነው። ‹‹የመካኒኮች ሥልጠና የግድ ነው›› ይላል። ‹‹ሠራተኛውን የዘነጋ አረንጓዴ ልማት ልማት አይደለም›› ይላል። ነቃባ የሚለውን ቃል ሲሰማ ይተፋ የነበረ ሰውዬ ለባለሥልጣን ሲደውል ብትሰሚው የኒዕማ ምክትል ይመስልሻል። መጋዘኑ በረክሻ ሞልቷላ፤ ድጎማው ካልመጣ ማን ሊገዛው። ጥቅሙ በኛ በኩል ስለዞረ አፉም ዞረ። እኔ አልሳቅሁበትም። እንዲህም አድርጎ ቢሆን መዞሩ አይከፋም።

አዲሱን ዕቅድ እንድጽፍ አዘዘኝ። ጻፍኩት፤ ያልሽውን ሁሉ፣ ቃልሽን ሳልነካ። ስጽፍ ታዲያ አንድ ነገር ታየኝ። ጥገናው በናንተ ወርሻ ከሆነ ኩባንያው ሐጅ ዩሱፍ ላይ ማዕከል መክፈት አያስፈልገውም። ማዕከል ከሌለ ኃላፊ የለም። ብዕሩን አስቀመጥኩት፤ መልሼ አንስቼ ጨረስኩት። ኻላስ፣ አለቀ።

አለቃዬ አይቶኝ፣ ‹‹የራስህን ወንበር ቆረጥህ እኮ›› አለኝ። እዚሁ ፖርት ሱዳን ከፍ ያለ ሥራ ሊሰጠኝ ይፈልጋል። መልስ ሰጥቼዋለሁ። እሱን በሌላ ጊዜ እጽፍልሻለሁ።

ፍሬው

ሐጅ ዩሱፍ፣ መጋቢት 28 ቀን 2018

ፍሬዬ፣

ሕማማት ነው፤ ስግደቱ ጉልበቴን አድክሞታል። ስለ ጉልበቴ ባትጠይቀኝም ነገርኩህ።

ትናንት ተፈረመ። በኒዕማም በኩል፣ በኩባንያውም በኩል፤ ያ የቡሪ ልጅም መጥቶ ነበር፤ ሳጥን አላመጣም። ዓባይ ሲፈርም፣ ‹‹በዚህ ዕድሜዬ ተማሪ ልታደርጊኝ›› ብሎ ገላመጠኝና ዞር ብሎ አፍንጫውን ጠረገ። ለምለም ቤንዚኗ ሲቀር ባትሪ የሚሞላበት ቦታ ላይ ልትሠራ ተመዝግባለች። ሰው ሁሉ አቀፈኝ። እኔም ሳቅሁ፣ ጨፈርኩ፤ ማታ ቤቴ ስገባ ግን አዲሱ ፍራሽ ጠበቀኝ።

‹‹መልስ ሰጥቼዋለሁ›› ትለኛለህ። ምን ብለህ? ሰው እንዲህ ያለውን ነገር አንጠልጥሎ ‹በሌላ ጊዜ› ይላል? ያንን ሥራ ተቀብለህ ከሆነ አልቀየምህም። ደመወዙ ደህና ነው፣ ሐኪም ቤቱ እዚያ ይሻላል። ና አልልህም፤ እዚህ የማቀርብልህ ሥራ የለኝም። መብራቱ ይመጣል ይሄዳል፣ ውኃ በጋሪ ነው፣ ሰፈሩ ግማሹ ገና አልተመለሰም። ና አልልህም ብዬ ሙሉ ገጽ ልጽፍ ነው መሰለኝ።

መልስህን ላክልኝ። የፈለገውን ይሁን፣ ብቻ አትደብቀኝ።

አረጋሽ

ቀን ያልተጻፈበት

አሩዬ፣

ይህን ወረቀት የሚሰጥሽ ሁዘይፋ አይደለም።

ለአለቃዬ የመለስኩለት እንዲህ ብዬ ነው፦ ‹‹ሚስቴ ለጎረቤት ብላ እኔን ትታ ነበር፤ እኔ ደግሞ ለሥራ ብዬ እሷን ብተው ማን ይቀራል?›› ሥራ የለኝም። ዓባይ ስለ ባትሪ የሚያስረዳው ሰው ከፈለገ እኔ አውቃለሁ። ካልፈለገም ብረት አጥባለሁ። ባለፈው ደብዳቤ ልነግርሽ ያልፈለግሁት ‹አትምጣ› ብለሽ እንዳትጽፊ ፈርቼ ነው፤ አንቺ ያንን ታደርጊዋለሽ።

አንብበሽ ስትጨርሺ ቀና በይ።

ፍሬው

ሐጅ ዩሱፍ፣ ሚያዝያ 6 ቀን 2018

ለዮሳቤጥ፣ ለእህቴ ልጅ፣

እንኳን አብሮ አደረሰን። ጾሙ እንዴት ተፈታልሽ? እናትሽስ?

የመጨረሻውን ደብዳቤ እንዴት እንደደረሰኝ ጠይቀሻል። ዓርብ ከሰዓት፣ ከስግደት ስመለስ ነው። ፍሬው በሩ ላይ ቆሞ ነበር፤ ከስቷል፣ ጢሙ ነጥቷል። ወረቀቱን ዘረጋልኝ። እኔም ተቀብዬ ማንበብ ጀመርኩ። ‹‹አልጨረስሽም?›› አለኝ። ‹‹ዝም በል፣ ደብዳቤ ደርሶኝ እያነበብኩ ነው›› አልኩት። አጭር ነው፣ አይተሽዋል። እያነበብኩ ግን ብዙ ቆየሁ።

ዓባይ ‹‹ባትሪውን አንተ ታሳየኛለህ፣ ፍሬኑን ግን እንዳትነካብኝ›› ብሎት ተግባብተዋል። ደመወዙን ነቃባው ገና አልወሰነም፤ ሲወያዩ እኔ ከክፍሉ ወጥቻለሁ፣ ባሌ ነውና። ፈንዱም ፈርሟል እንጂ ገንዘቡ አልመጣም። ለአገራችን ሰዎች፣ የስደተኛ ካርድ ብቻ ላላቸው፣ ሥልጠናው ይፈቀድ አይፈቀድ ገና ክርክር ላይ ነው፤ እሱን እኔ አለቅም። የመጀመሪያዎቹ ረክሻዎች ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ይገባሉ ተብሏል። ኒዕማ አሮጌዋን ለማስረከብ ከወዲሁ አጥባ አስቀምጣታለች፤ ስታጥባት ግን ታለቅስ ነበር።

ገቡም ቀሩም እጽፍልሻለሁ። ከእንግዲህ የምጽፍለት ሌላ ሰው የለኝማ።

አክስትሽ አረጋሽ